ፀሐይ ሳትወጣ እንዳትወጣ

ለምወድህና ለምናፍቅህ ወንድሜ ለጴጥሮስ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህ እንዴት ነው? ይህን የምጠይቅህ ደብዳቤ በዚህ ስለሚጀመር አይደለም፤ እውነቱን እንድትነግረኝ ነው። እግርህ እንዴት ነው? እንቅልፍህስ? ጠዋት ስትነሣ አፍህ ይደርቃል? ሌሊት ውኃ ጥም ያስነሣሃል? ደህና ነኝ ብለህ እንዳታልፈኝ። እኔ ታላቅህ ነኝ፤ ስትዋሽ ጆሮህ እንደሚቀላ ከልጅነትህ ጀምሮ የማውቅ ሰው ነኝ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን በጠቅላላው ደህና ነን። እማዬ ጉልበቷን ከማመሙ በቀር ደህና ናት፣ ባሌ ሽብሩም ልጆቻችንም ደህና ናቸው። ነገር ግን ከዓርብ ወዲህ ደህንነታችን ጣዕም አጥቷል፤ ምክንያቱን እነግርሃለሁ። በሀዲይኛ ልጽፍልህ ነበር፤ ዳሩ ግን ሁለታችንም መጻፍ የተማርነው በአማርኛ ስለሆነ ቁጣዬም በአማርኛ ይቀናኛል።

ይህን የምጀምረው ዛሬ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ነው። ጓደኛህ ኢዮብ ማክሰኞ ማታ እኛ ዘንድ አድሮ ረቡዕ ማለዳ ከመናኸሪያ በመጀመሪያው አውቶቡስ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ ከዚያ በአውሮፕላን ወደ እናንተ ይመለሳል፤ ደብዳቤው የሚደርስህ በእሱ እጅ ነው። ስለዚህ ሦስት ቀን አለኝ። በእነዚህ ሦስት ቀኖች ውስጥ ከእማዬ አፍ አንድ ቃል ማውጣት አለብኝ። ካላወጣሁ ይህን ወረቀት ብልከውም ባልልከውም አንድ ነው፤ አንተን አውቅሃለሁ።

የኢዮብ ሠርግ ባለፈው እሑድ ዱራሜ ነበር። እኔና ሽብሩ ሄደን በልተን ጨፍረን ተመለስን። ሙሽራዋ የጉዞ ወረቀቷ እስኪያልቅ እናቷ ዘንድ ትቆያለች። በሠርጉ መካከል ስለ አንተ ብጠይቀው ዓይኑን ሰበር አድርጎ ሆሳዕና መጥቼ አጫውትሻለሁ አለኝ። ነገሩ ያኔውኑ አልጣመኝም። ዓርብ ዕለት መጣና የላክኸውን ዕቃ ዘረገፈው፤ ለእማዬ የሱፍ ሹራብ፣ ለልጆቹ ቸኮላት፣ አንድ ፎቶግራፍ፣ ከዚያ ደግሞ በፌስታል የተጠቀለለ የብረት ጥርስ ያለው ጥቁር ጎማ።

ፎቶውን ጎረቤት ሁሉ አየው። ሶፋ ላይ ተቀምጠሃል፣ ሸሚዝህ ሆድህ ላይ ተወጥሯል፣ ፊትህ ሞልቶ ዓይንህ ጠቧል። ሴቶቹ እልል አሉ። ተመችቶታል፣ አማረበት፣ አገሩ ተስማማው እያሉ እማዬን ጉንጯን ሳሟት። እሷም ፎቶውን ከእመቤታችን ሥዕል ሥር ሰካችው። እኔ ግን ሃያ ዓመት ስፖርት ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ ውፍረትና እብጠትን እለያለሁ። እነሱ ፊትህን ሲያዩ እኔ ቁርጭምጭሚትህን አየሁ። ካልሲህ ሥጋህ ውስጥ ሰርጉዷል። አባዬንም እንደዚያ ነበር የጀመረው።

ጎማውን ደግሞ ማንም ሊያውቀው አልቻለም። ሽብሩ ባሕር ዛፍ ላይ መውጫ ነው አለ። እማዬ ለሐምሌ ጭቃ አስበህ የላክህላት መስሏት ቆማ መረቀችህ። ትልቋ ልጄ ሊድያ ጫማዋ ሥር አስራው ሳሎን ውስጥ ሁለት ጊዜ ወዲያና ወዲህ አለችና የፕላስቲክ ምንጣፌን ቀዳደደችው። ኢዮብን ይህ ምንድን ነው ስለው ነው ጉዱ የወጣው። በረዶ ላይ ሳትንሸራተት አብራችሁ እንድትሄዱ ብሎ አምና እሱ ራሱ የገዛልህ ነው ለካ! አንድ ቀን እንኳ አላጠለቅከውም። እኔ ዘንድ ምን ይሠራል ብለህ ከነማሸጊያው ወደዚህ ሰደድከው።

እማዬ ደጅ ያሰጣችውን በርበሬ ልታገላብጥ ስትወጣ ኢዮብን ጓዳ አስገብቼ በሩን ዘጋሁበት። ሁሉንም ካልነገርከኝ ከዚህ አትወጣም አልኩት። ምስኪኑ ሙሽራ ነገረኝ። ሐኪሙ ስኳርህ ጫፍ ላይ ደርሷል እንዳለህ፣ ደም ግፊትህም እንደጨመረ፣ እስከ ፋሲካ ድረስ በእግርህ መሄድ ካልጀመርክ መርፌ እንደምትጀምር እንዳስጠነቀቀህ ነገረኝ። የእግር ጣቶችህ እየደነዘዙ ነው አለ። ዓሣ ፋብሪካው ውስጥ ሚዛኑ ዘንድ ስምንት ሰዓት ተቀምጠህ ትውላለህ፤ አንድ ፖላንዳዊ በመኪናው ከደጅህ ያነሣሃል፣ ደጅህ ላይ ያወርድሃል። ከበርህ እስከ መኪናው አሥራ አንድ እርምጃ ነው፤ ኢዮብ ቆጥሮታል። ደርሶ መልስ ሃያ ሁለት እርምጃ በቀን! የእማዬ ዶሮ እንኳ ከዚያ የበለጠ ትሄዳለች።

ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ሊጠይቅህ ቢመጣ መጋረጃውን ዘግተህ፣ መብራት ሳታበራ፣ ካፖርትህን እንደለበስክ ቁጭ ብለህ አገኘህ። ከመቼ ጀምሮ እንደዚያ እንደተቀመጥክ ሲጠይቅህ አላውቅም አልከው። እዚህ ላይ ሲደርስ የኢዮብ ድምፅ ተሰበረ። እኔ አላለቀስኩም፤ ደሜ ነው የፈላው። ጎረቤት እልል ያለው ለዚህ ነው ወይ እያልኩ ጓዳው ውስጥ ተንቆራጠጥኩ።

ታዲያ ለምን አይወጣም ብዬ አፋጠጥኩት። መሐላ አለብኝ ይላል አለኝ። ያን ጊዜ መሐላውን አስታወስኩት፤ እኔም እኮ እዚያው ነበርኩ።

ወንድማችንን ዳዊትን ደቡብ አፍሪካ በጥይት ገድለውት፣ አስከሬኑ መጥቶ ቀብረነው፣ አርባውን ካወጣን በኋላ ነው። እማዬ ናስረዲን ሱቅ ሄዳ ስልክ አስደወለችልህ። ከዚህ አካባቢ የወጣ ልጅ ሁሉ ወደ ደቡብ ነው የሄደው፤ ለትምህርት ብለህ ወደ ሰሜን ጫፍ፣ ወደ በረዶው አገር የሄድክ ከኛ ሰፈር አንተ ብቻ ነህ። ለእሷ ግን ውጭ አገር ሁሉ አንድ ነው፤ ዳዊትን የበላው አገር ነው። ሱቁ ውስጥ ስኳር የሚያስመዝነው፣ ሻማ የሚገዛው ሁሉ ቆሞ እየሰማ፣ ፀሐይ ሳትወጣ እንዳትወጣ አለችህ። ለእንጀራህ ካልሆነ በቀር ፀሐይ ከገባች ወዲያ እግርህ ደጅ እንዳይረግጥ፣ በወንድምህ አፅም ማልልኝ አለችህ። አንተም እያለቀስክ ማልክላት። ናስረዲን ምስክር ነው። ማናችንም ሌላ አላሰብንም። እዚህ ፀሐይዋ ክረምት ከበጋ ሰዓቷን አታዛንፍም፤ ፀሐይ የማትወጣበት አገር አለ ብሎ ሆሳዕና ላይ ሆኖ ማን ያስባል?

እናንተ ዘንድ ግን ከኅዳር አሥራ ስምንት ጀምሮ እስከ ጥር አሥራ ሦስት ብቅ አትልም አለኝ ኢዮብ። ሃምሳ አምስት ቀን! ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ጥቂት ብልጭ የምትለው አንተ ሚዛኑ ዘንድ በተቀመጥክበት ሰዓት ነው። እንግዲህ ዳዊት ከሞተ ወዲህ ይህ ሦስተኛው የብርድ ወራትህ ነው፤ ባለፉት ሁለቱ ከጥቅምት እስከ የካቲት ቤት ውስጥ ተዘግተህ ነበር፣ ዘንድሮም ጀምረሃል ማለት ነው። ወይ ጉድ! እኛ እዚህ ፀሐይ በዝቶብን ጥላ ፍለጋ እንራኮታለን። አንተ ደግሞ! ዩኒቨርሲቲ የበጠስክ ሰው፣ እናትህ ይህን ማለቷ እንዳልነበረ ጠፍቶህ ነው? አልጠፋህም። በዳዊት አፅም የማለ ሰው ቃሉን አያጣምምም ብለህ ነው። ይገባኛል፤ እኔም በአንተ ቦታ ብሆን ምን እንደማደርግ አላውቅም። ግን ቢገባኝም ተናድጃለሁ።

እዚያ ያለው ሰው እኮ ጨለማውን ቁጭ ብሎ አይጠብቀውም አለኝ ኢዮብ። አሮጊቶቹ ሳይቀሩ ግንባራቸው ላይ ባትሪ አስረው፣ ሁለት ሁለት ዱላ ይዘው ጫካ ለጫካ ይሄዳሉ አሉ። ማዘጋጃ ቤቱ ለእግረኛ ብሎ ጫካው ውስጥ የመብራት ምሰሶ ተክሏል። እናቶች ሕፃን በጋሪ አድርገው በዚያ ብርድ ይንሸራሸራሉ። ረቡዕ ረቡዕ ደግሞ ኢዮብና ጓደኞቹ አዳራሽ ውስጥ ኳስ ይጫወታሉ፤ አንተን በረኛ እንኳ ሁንልን ብለው ስንት ጊዜ ለምነውሃል። ሽብሩ ይህን ሲሰማ ሌባ የለም ወይ ብሎ ጠየቀ። ሌባውም ብርዱን ፈርቶ ቤቱ ነው አለው ኢዮብ። እኔ እንጃ፣ እውነቱን ይሁን ቀልዱን።

ቅዳሜ ዕለት ለእማዬ አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። መጀመሪያ አላመነችም፤ ሙሽርነት የኢዮብን ጭንቅላት አዙሮት ነው አለች። ቀጥላ ፀሐይ ከሌለ ሰዉ ልብሱን በምን ያደርቃል ብላ ጠየቀችኝ። ነገሩ ሲገባት ግን ፊቷ ጥቁር አለ። እንግዲያው ይቀመጥ አለች። ፀሐይዋ እስክትመጣ ይቀመጥ፣ ተቀምጦ የሞተ ሰው አላየሁም አለች። እኔ ደግሞ አፌን መቼ እይዛለሁ፣ አባዬስ አልኳት። አባዬ ከጽሕፈት ቤቱ ወንበር ወደ አልጋው፣ ከአልጋው ወደ ወንበሩ ነበር ኑሮው። ጣቱ ደነዘዘ፣ ከዚያ ጠቆረ፣ ከዚያ እግሩን ከጉልበቱ በታች ቆረጡት። ቁስሉን ስምንት ወር ያጠበችው እሷ ናት። ወጥታ በርበሬውን ታገላብጥ ጀመር፤ ከደረቀ ሰንብቷል እኮ። ልጅሽን እንደ ባልሽ በስኳር ወይስ እንደ ዳዊት በጨለማ፣ እንግዲህ አንዱን ምረጪ ማለቴ ነበር መሰለኝ። ክፉ ነኝ። ግን ሌላ ምን አማራጭ ነበረኝ?

ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ እሷን ይዤ ንስሐ አባታችን አባ ተክለጊዮርጊስ ዘንድ ሄድኩ። ልጅን የሚጎዳ መሐላ እግዚአብሔር አይጠይቅበትም፤ ፍቺውና ልጁም አንቺም ዕረፉ ብለው በለሆሳስ መከሯት። እጃቸውን ሳመች። ከደጀ ሰላሙ እንደወጣን አባ ልጅ አልቀበሩም አለችኝና ቀድማኝ ሄደች። አሁን ዘጠኝ ሰዓት ነው። ከመጣን ጀምሮ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተኝታለች። አንድ ቀን አለፈብኝ።

ከዚህ በታች ያለውን የምጽፈው ሰኞ ማታ ነው።

ትናንት እማዬ ራቷን አልበላችም። እንደልማዷ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን የግቢውን በር ቆለፈች። ዳዊት ከሞተ ወዲህ ይህ ቤት ከዶሮዎቹ ጋር ነው የሚተኛው። ሽብሩ የመምህራን ስብሰባ ሲያመሽበት በአጥር ዘሎ ነው የሚገባው፤ በዚህ ዕድሜው ሱሪው ስንቴ ተቀደደ። እሷን ላለማስጨነቅ ብለን ሁላችንም ለምደነዋል። ዛሬ ትምህርት ቤት ልጆቹን ሜዳ ላይ አሰልፌ ፊሽካዬን አፌ ውስጥ ከትቼ መንፋት ረስቼ ቆምኩ፤ ሳቁብኝ። ስመለስ ግን ቆርጬ ነበር። ልጆቹን ጎረቤት ላክሁና ፊቷ በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩ።

እማዬ፣ ጊምቢቹ ሳለን፣ ጴጥሮስና ዳዊት ሆሳዕና ሲማሩ፣ ሰኞ ሰኞ በስንት ሰዓት ነበር የምትሸኛቸው ብዬ ጠየቅኳት። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ነበር፤ እኔ አልረሳሁም። የሳምንት ቆጯቸውን አሸክማ፣ ራሷ ችቦ ይዛ እስከ ወንዙ ትሸኛችሁ ነበር። ከወንዙ ወዲያ ግማሽ ቀን መንገድ ብቻችሁን ነበራችሁ። ጅቡ ነበር፣ ጨረቃ የሌለበትም ነበር። እማዬ፣ ያኔ እግራችሁ ይጠንክር ብለሽ መርቀሽ ትመለሺ ነበር እንጂ አልፈራሽም፤ ዛሬ ምን ሆነሽ ነው ጨለማን ጠላት ያደረግሽው አልኳት። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። እናቴ ላይ ጮህኩ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

የነጠላዋን ጫፍ ስታጥፍ ስትዘረጋ ብዙ ቆየች። ከዚያ የተናገረችውን እንዳለ እጽፍልሃለሁ፤ ጻፊለት ብላኛለች። ዳዊት የሞተው እዚያ የነበረውን ሱቁን ዘግቶ ሲመለስ አልነበረም። እኛ የምናውቀው እንደዚያ ነው፤ እንደዚያ የነገረችን እሷ ናት። እሑድ ማታ አንድ ሰዓት ናስረዲን ሱቅ ተቀምጣ የእሱን ስልክ የምትጠብቅበት ሰዓት እንደነበረ ታስታውሳለህ። በዚያ ሳምንት መካከል ደውሎ ሰፈሩ ተበጥብጧልና የእሑዱን ሰኞ ጠዋት ላድርገው ብሏት ነበር። እሷ ግን እሑድ ድምፅህን ካልሰማሁ እንቅልፍ አይወስደኝም፣ ምንም ቢሆን ደውል ብላ ተቆጣችው። ሱቁን በጊዜ ዘግቶ ቤቱ ገብቶ የነበረ ልጅ ሰዓቱ ሲደርስ ስልክ ወዳለበት ቦታ በጨለማ ወጣ። ደወለላት። ይኸው እማዬ፣ አሁን ተኚ ብሎ ሳቀባት። እሷም ደስ ብሏት ሄዳ ተኛች። የገደሉት ከዚያ ሲመለስ ነው።

ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን ብቻዋን ይዛው ኖራለች። ለአባ እንኳ አልተናዘዘችውም። ጨለማውን የረገምኩት ራሴን ላለመርገም ነው አለችኝ። ጴጥሮስንም ያስማልኩት ሁለተኛ ልጅ በኔ ምክንያት ጨለማ ውስጥ እንዳይገባብኝ ብዬ ነው አለች። ሦስት ቀን ሙሉ ቃል ላወጣ ስታገል ቆይቼ፣ እሷ አፏን ስትከፍት እኔ ቃል አጣሁ። እግሯ ሥር ቁጭ ብዬ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ፤ የዓርቡንም ጨምሬ አለቀስኩት። እሷ ናት ፀጉሬን እየዳበሰች ያባበለችኝ።

ቀና ስንል ውጭው ጨልሟል። እማዬ ተነሣችና የግቢውን ቁልፍ አምጪ አለችኝ። የት ልትሄጂ ነው ብላት ናስረዲን ዘንድ አለች። ሽብሩ ባትሪ ይዞ ሊከተለን ቢነሣ አንተ ልጆቹን ጠብቅ ብላ አስቀመጠችው። በዚያ በሚያማት ጉልበቷ፣ ሁለት ዓመት ማታ ማታ ያልረገጠችውን መንገድ ተያያዘችው። መኪና ባለፈ ቁጥር እጄን ጭምቅ ታደርጋለች። መዳፏ ረጥቦ ነበር።

ናስረዲን መዝጊያውን ሊያወርድ ሲል ደረስን። እማዬን በዚያ ሰዓት ሲያይ ሰው የሞተ መስሎት ክው አለ። ቁጥርህን ደወለ። ጠራ፣ ጠራ፣ የሚያነሣው ጠፋ። ሁለተኛ ደወለ። ሦስተኛ ደወለ። እማዬ እጀታውን በሁለት እጇ ይዛ ጆሮዋ ላይ ተክላ ቀረች። ጴጥሮስ፣ ቤትህ እንደነበርክ አውቃለሁ፤ የት ትሄዳለህ? አጠገብህ ሲጮህ እየሰማኸው ነበር። ከመስከረም ወዲህ ስልክ የማታነሣው እኛን ላለማሳዘን ነው አሉ። አዘንን እኮ! ከዚህ በላይ እንዴት ይታዘናል? እናትህ በጨለማ መጥታ ልትፈታህ ቆማ፣ ስልኩ ዝም ብሎ ይጠራል።

እጀታውን አስቀመጠችና ናስረዲንን ያ የማህተም ቀለም አለህ ወይ አለችው። ይህ ወረቀት ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ሳስምለው የነበርክ ሰው ስፈታውም መስክር አለችው። ናስረዲን እኔ ሙስሊም ነኝ፣ የእናንተን መሐላ ለመፍታት ምን ሥልጣን አለኝ ብሎ ሲከራከር ሚስቱ ሃቢባ ከጓዳ ሆና፣ አንተ ሰውዬ ፈርምና ሴትዮዋን አሳርፋት ብላ ጮኸችበት። ፈረመ። ወረቀቱ ጫፍ ላይ ያለው ሰማያዊ አሻራ የእማዬ አውራ ጣት ነው፣ አጠገቡ ያለው የናስረዲን ፊርማ ነው። ቃሏም ይኸውልህ፤ በዳዊት አፅም ያሰርኩትን ልጄን ጴጥሮስን በዳዊት አፅም ፈትቼዋለሁ። ፀሐይ ወጣችም አልወጣችም ይውጣ። አንዱን ልጄን ደጅ አጣሁት፣ ሁለተኛውን ቤት ውስጥ አላጣም።

ዛሬ ማክሰኞ ነው። ኢዮብ ሻንጣውን ይዞ መጥቷል፤ ሳሎን ከሽብሩ ጋር ስለ ኳስ ይሟገታል። ባለጥርሱን ጎማ በእሱ እጅ መልሼልሃለሁ።

አሁን እንደ እህትህ ሳይሆን እንደ ስፖርት መምህርህ ስማኝ። ኢዮብ ይህን ደብዳቤ ቤት ውስጥ እንዳይሰጥህ አዝዤዋለሁ። ደጅ፣ የመንገድ መብራቱ ሥር ነው የሚሰጥህ። እንግዲህ ይህን እያነበብክ ከሆነ አሥራ ሁለተኛዋን እርምጃ ረግጠሃል ማለት ነው። ጣትህ ከቀዘቀዘ እየሄድክ አንብበው። ለመጀመሪያው ቀን አሥር የመብራት ምሰሶ ይበቃል፤ በማግስቱ አሥራ አንድ፣ ከዚያ አሥራ ሁለት። ጀግና ልሁን ብለህ በአንድ ቀን ሠላሳ ሄደህ ሳምንት እንዳትተኛ፣ ፀባይህን አውቀዋለሁ። ከሥራ ስትመለስ ካፖርትህን ሳታወልቅ፣ ሳትቀመጥ ሂድ፤ አንዴ ሶፋው ላይ ካረፍክ አለቀ። ፖላንዳዊውን ከቤትህ ራቅ አድርጎ እንዲያወርድህ ንገረው። በረዶው ላይ በሐምሌ የሶሮን ጭቃ እንደምንሄደው ሂድ፤ እርምጃህን አሳጥር፣ እግርህን ሙሉ አሳርፍ፣ እጅህን ከኪስህ አውጣ። አፍንጫህን በሻርፕ ሸፍነህ በአፍንጫህ ተንፍስ። ማታ ማታ ካልሲህን አውልቀህ በየጣቶችህ መካከል በዓይንህ እይ፤ ቁስል ካየህ ለነገ አትበል፣ አባዬ ለነገ ብሎ ነው። ረቡዕ ረቡዕ ደግሞ በረኛ ትሆናለህ። ግብ ቢገባብህ ለሆሳዕና ሰው አልነግርም።

መሐላው ተፈታ ማለት አንተ ተነሣህ ማለት እንዳልሆነ ይገባኛል። ካፖርት ለብሰህ በጨለማ ያስቀመጠህ መሐላ ብቻ አይመስለኝም። እዚያ ሐኪም ዘንድ ስትሄድ ስለ ስኳሩ ብቻ አታውራ፤ መጋረጃውንም፣ አላውቅም ያልከውንም ንገረው። አያሳፍርም። ኢዮብ የሚደርስልህ ቅዳሜ ነው፤ ከቅዳሜ እስከ ጥር አሥራ ሦስት አርባ ሦስት ቀን ይቀራል። ፀሐይዋ ስትመለስ እጀምራለሁ እንዳትለኝ። አርባ ሦስት ቀን ለስኳር ብዙ ነው፣ እኔም እፈራለሁ። ሌሊት ባነንኩ ቁጥር የማየው ያንን ካልሲህን ነው።

ሽብሩ አክብሮ ሰላም ብሎሃል፤ ከእንግዲህ በአጥር መዝለል ስለቀረለት ባለውለታዬ ነው ይልሃል። ሊድያ በጣም ናፍቀሃታል፤ ስትመጣ ሜዳ ላይ እሽቀዳደመዋለሁ፣ አሸንፈዋለሁም ትላለች። ትንሿ ማህሌት የላክኸውን ቸኮላት ጨርሳ ፎቶህን ስማልሃለች። አባ ተክለጊዮርጊስ በቅዳሴ ስምህን እንደሚያነሡ ነግረውኛል። ናስረዲንና ሃቢባም ሰላም ይሉሃል።

እማዬ የእኔን ሰላምታ መጨረሻ ላይ ጻፊው አለችኝ። እሑድ ማታ አንድ ሰዓት ናስረዲን ሱቅ እሆናለሁ ትልሃለች። ቤትህ ተቀምጠህ እንዳትደውልልኝ። ውጣና በጨለማው ውስጥ እየሄድክ ደውልልኝ፤ ደህና ነኝ እንድትለኝ አልፈልግም፣ ትንፋሽህን ልስማው።

እህትህ ሙሉ

ሆሳዕና፣ ኅዳር ፳፮ ቀን ፲፱፻፺፱ ዓ.ም.